ገንዘብ የሌለው ሰው የታመመ ወዳጁን እንዴት ይረዳል

ወዳጄ ሆይ፥ ሰው በታመመ ጊዜ የሚታመመው ሥጋው ብቻ አይደለም። ትናንት ቤቱን ይመራ የነበረው ዛሬ ውሃ ለመጠጣት የሰው እጅ ይጠብቃል፤ ትናንት ለሌላው ይሰጥ የነበረው ዛሬ ከሌላው ይቀበላል። ስለዚህ ከሥጋው ሥቃይ ጋራ ፍርሃትና ኀፍረት፥ ብቸኝነትም ይመጡበታል። ሐኪም መድኃኒት ያዝለታል፤ ዳሩ ግን ሐኪም ቀንና ሌሊት ከአልጋው አጠገብ ሊቀመጥ አይችልም። ከሐኪም ቤት ተመልሶ ፈጽሞ እስኪድን ድረስ ያለው ረጅም ጊዜ የአስታማሚውና የጠያቂው ጊዜ ነው።

እንደዚህ ያለ ታሪክ በብዙ መንደር ይሰማል። አንድ ዘበኛ የልብ ወዳጁ ታሞ መተኛቱን በሰማ ጊዜ ሊጠይቀው ተነሣ። ነገር ግን በኪሱ የብርቱካን መግዣ እንኳ አልነበረውምና፥ «ባዶ እጄን እንዴት እገባለሁ? ደመወዜን ስቀበል እሄዳለሁ» ብሎ ከመንገድ ተመለሰ። ከሁለት ሳምንት በኋላ ደመወዙን ተቀብሎ፥ ብርቱካኑንም ገዝቶ ሄደ። በደረሰ ጊዜ ግን ወዳጁ ሰውን ለይቶ ማወቅ ተስኖት ነበረ። ሚስቱም፥ «በእነዚያ ቀኖች ሁሉ ስለ አንተ ይጠይቀኝ ነበረ፤ በሩ በተንኳኳ ቍጥር አንተ የመጣህ ይመስለው ነበረ» አለችው። ብርቱካኑም የሚበላው አጥቶ በመስኮቱ ላይ ደረቀ።

ይህ ዘበኛ ክፉ ሰው አልነበረም። የተሳሳተው በአንድ ነገር ብቻ ነው፤ ወዳጁ የሚጠብቀው ስጦታውን እንጂ እርሱን ራሱን አልመሰለውም። ክርስቲያን የታመመውን እንዲጠይቅ ታዝዟል፤ ባለጠጋ ሆኖ እንዲጠይቅ ግን አልታዘዘም። በወንጌል የተነገረለት ደጉ ሳምራዊም አስቀድሞ ያደረገው ወደ ቁስለኛው መቅረብ ነበረ፤ ከዚያም በእጁ በተገኘው ዘይትና ወይን ረዳው፥ በገዛ እንስሳውም ጫነው። ስለዚህ በዚህ ትምህርት ብዙ ገንዘብ የማይጠይቀውን፥ ነገር ግን ድውዩን በእውነት የሚጠቅመውን ነገር በየተራው እንመልከት።

፩ኛ። ስለ አጠያየቅ

ወደ ድውይ ቤት ስትገባ ቀስ ብለህ ግባ። «እግዚአብሔር ይማርህ» በለው፤ አንገቱን ሳያዞር ሊያይህ በሚችልበት ስፍራ ተቀመጥ። የሕመሙን ታሪክ ከመጀመሪያው ጀምሮ እንዲተርክልህ አታድርገው፤ ከአንተ በፊት ለመጡት ሁሉ ተርኮታልና። የደከመ ከሆነ ሩብ ሰዓት ይበቃል። አንድ ጊዜ መጥቶ ግማሽ ቀን ከሚቀመጥ ጠያቂ ይልቅ በየሁለት ቀኑ ለጥቂት ጊዜ ብቅ የሚለው ይሻላል፤ ድውዩ የሚጠብቀው ነገር ይኖረዋልና። አንተ ራስህ ጉንፋን ወይም ሳል ይዞህ እንደ ሆነ ግን እስኪለቅህ ድረስ መልእክት ላክ እንጂ አትግባ።

አንደበትህንም ጠብቅ። «እገሌም እንዲሁ ጀምሮት ነው የሞተው» የሚል ቃል ከአፍህ አይውጣ። እንዲህ የሚናገር ሰው ብዙ ጊዜ ወሬ ሲያጣ ይናገራል እንጂ በክፋት አይናገርም። ነገር ግን እርሱ ወደ ቤቱ ገብቶ በደኅና ሲተኛ፥ ድውዩ ያን ቃል ይዞ እስኪነጋ ድረስ ይገላበጣል።

በክሪሚያ ጦርነት ጊዜ፥ በኤውሮጳውያን አቈጣጠር በ1854፥ ቁስለኞችን ለማስታመም የሄደችው እንግሊዛዊት ፍሎረንስ ናይቲንጌል በኋላ ስለ ማስታመም መጽሐፍ ጽፋለች። በዚያ መጽሐፍ ከነቀፈቻቸው ነገሮች አንዱ በድውዩ ክፍል ውስጥ ወይም በደጁ ቆሞ መንሾካሾክ ነው፤ ድውዩ ስለ እርሱ የሚነገረውን ለመስማት ሲጣጣር ይደክማልና። ደግሞም በባዶ ተስፋና በምክር ብዛት ድውዩን የሚያደክሙትን ጠያቂዎች ነቅፋለች። ስለዚህ የምትናገረው ነገር ካለህ ድውዩ በሚሰማው ድምፅ ተናገር፤ ሊሰማው የማይገባ ከሆነ ከቤቱ ርቀህ ተናገር።

ምናልባት፥ «እንግዲህ ምን እንነጋገር?» ትል ይሆናል። የሰፈሩን ደኅና ወሬ፥ የልጆችን ጨዋታ፥ የዘሩን መብቀል አጫውተው። ደስ የሚለው እንደ ሆነ መጽሐፍ አንብብለት፥ አጭር ጸሎትም ጸልይለት። መናገር ካልፈለገ ደግሞ ዝም ብለህ አጠገቡ ተቀመጥ፤ ዝም ብሎ አብሮ የሚቀመጥ ወዳጅ ከብዙ ተናጋሪ ይበልጣል።

፪ኛ። ስለ መኝታ ክፍሉ

ንጹሕ አየር ያለ ዋጋ የሚገኝ ነው፤ እኛ ግን ብርድ ይመታዋል ብለን መስኮቱን ሁሉ እንዘጋለን። ድውዩን በደኅና አልብሰህ መስኮቱን ክፈት። ይልቁንም በተዘጋ ክፍል ውስጥ የከሰል ፍም አታስቀምጥ፤ ከፍሙ የሚወጣው መርዝ ሽታ የሌለው ስለ ሆነ ድውዩንም አስታማሚውንም በእንቅልፍ ላይ ሳሉ ሊገድል ይችላል።

ከአልጋው መነሣት የማይችል ሰው ቢሆን፥ በየ2 ሰዓቱ ከጎን ወደ ጎን አገላብጠው። በአንድ ጎን ብቻ የተኛ ሰው ተረከዙ፥ ዳሌውና የወገቡ ታች ይቈስላል፤ እንደዚህ ያለው ቁስል በጣም በዝግታ ይድናል፥ አንዳንድ ጊዜም ከመጀመሪያው ሕመም የከፋ ይሆናል። አንሶላው እንዳይጨማደድ አቃናው፥ ከረጠበም ቶሎ ለውጠው፤ የታጠበውን በፀሐይ አስጣው። ፊቱንና እጁን በለብታ ውሃ እጠብለት፥ አፉንም እንዲጉመጠመጥ እርዳው። ይህን ስታደርግ ገላውን ሸፍንለት፤ የታመመ ሰው ኀፍረቱ አብሮት አይታመምምና። አንተም ከመንካትህ በፊትና በኋላ እጅህን በሳሙና ታጠብ።

፫ኛ። ስለ መብልና ስለ መጠጥ

ድውይ ትልቅ ማዕድ ሲቀርብለት ይሰቀቃል። ጥቂት ጥቂቱን፥ ነገር ግን ቶሎ ቶሎ ስጠው። አጥሚት፥ የምስር ወይም የአትክልት ሾርባ፥ ቅንጬ፥ የተቀቀለ እንቁላል፥ የተፈላ ወተት በብዙ ቤት የሚገኙና ለደካማ ሰው የሚስማሙ ናቸው። «ምን ላምጣልህ?» ብለህ ከገበያው በፊት ጠይቀው። ነገር ግን ሕመሙን ዕወቅ፤ የስኳር በሽታ ላለበት ሰው ማርና ለስላሳ መጠጥ፥ የደም ግፊት ላለበትም ጨው የበዛበት ምግብ ማቅረብ ፍቅር መስሎ ይጎዳዋል።

ተቅማጥ የያዘው ሰው ሲጠጣ ይብስበታል ብለው ውሃ የሚከለክሉ ሰዎች አሉ። ይህ ታላቅ ስሕተት ነው፤ በተቅማጥ የሚሞት ሰው ብዙ ጊዜ የሚሞተው ውሃና ጨው ከሥጋው ስላለቀ ነው። በኤውሮጳውያን አቈጣጠር በ1971 የዛሬዋ ባንግላዴሽ ሰዎች ከጦርነት ሸሽተው ወደ ህንድ በገቡ ጊዜ፥ በስደተኞቹ መካከል ኮሌራ ተነሣ። ቦንጋኦን በተባለው ስፍራ በደም ሥር የሚሰጠው ፈሳሽ ሊያልቅ ሲል፥ ዲሊፕ ማሃላናቢስ የተባለው ሐኪም ግሉኮስ የተባለውን የስኳር ዐይነት፥ ጨውና ሶዳ በውሃ አስበጥብጦ በአፍ እንዲጠጡት አደረገ። በኩባያ እየቀዱ ያጠጡአቸው የገዛ ዘመዶቻቸው ነበሩ። አስቀድሞ ከ100 በሽተኞች 30 ያህሉ ይሞቱ ነበረ፤ ከዚህ በኋላ ግን የሟቾቹ ቍጥር ከ100 ወደ 4 ያህል ወረደ። እነሆ፥ የዘመድ እጅና አንድ ኩባያ ምን እንዳደረጉ አስተውል።

ይህ መጠጥ ዛሬ ሕይወት አድን ንጥረ ነገር ተብሎ በጤና ጣቢያና በመድኃኒት ቤት ይገኛል፤ በመጠቅለያው ላይ በተጻፈው ልክ ይበጠበጣል። ካልተገኘ ግን ተፈልቶ በቀዘቀዘ 1 ሊትር ውሃ ውስጥ 6 የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው በጥብጥ፤ ማንኪያው የተቈለለ አይሁን፥ ጨው ከልክ ሲያልፍ ይጎዳልና። ቢያስመልሰው 10 ደቂቃ ቆይተህ በማንኪያ ቀስ እያልህ አጠጣው። ከ24 ሰዓት በኋላ የተረፈውን ድፋ፥ አዲስም በጥብጥ። ይህን ያደረግኸው ሐኪምን ለመተው አይደለም፤ ድውዩ በሕይወት ወደ ሐኪም እንዲደርስ ነው እንጂ።

፬ኛ። ስለ መድኃኒቱ

የመድኃኒቱን ሰዓት በወረቀት ጽፈህ በግድግዳው ላይ ለጥፍ፤ በዋጠ ጊዜ ምልክት አድርግ። የሳንባ ነቀርሳ ሕክምና ብዙ ጊዜ 6 ወር ይፈጃል፤ መድኃኒቱም በመንግሥት ጤና ጣቢያ ያለ ዋጋ ይሰጣል። ነገር ግን በሁለተኛው ወር ሳሉ ይቀልና ገላው ይመለሳል፤ ያን ጊዜ ብዙ ሰው «ድኛለሁ» ብሎ ይተዋል። በሽታው ግን አልሞተም፤ ሲመለስ መድኃኒቱን የለመደ ሆኖ ይመለሳል። በየማለዳው «ዛሬ ዋጥህን?» ብሎ የሚጠይቅ አንድ ጎረቤት ወዳጁን ከዚህ አደጋ ያድነዋል።

ከሌላ ሰው የተረፈ መድኃኒት አታምጣለት። ጸሎትና መድኃኒትም እንደ ጠላቶች አይታዩ፤ የሚጸልይለት ሰው መድኃኒቱን እንዲተው አይምከረው። ራሱን ቢስት፥ ቢያንቀጠቅጠው፥ መተንፈስ ቢያቅተው፥ ወይም ምንም መጠጣት ቢሳነው ነገ አትበል፤ ያን ሰዓት ወደ ሐኪም ቤት አድርሰው።

፭ኛ። ስለ አስታማሚው

በድውዩ አልጋ አጠገብ ሌላ ደካማ ሰው አለ፥ እርሱም አስታማሚው ነው። በብዙ ቤት ይህ ሰው ሚስት ወይም እናት ወይም የበኵር ልጅ ናት። እንግዳ ሲመጣ ቡና ማፍላት በአገራችን ልማድ ነው፤ ነገር ግን ሌሊቱን ዐይኗን ሳትከድን ያደረች ሴት በቀን ለሃያ ጠያቂ ቡና ስታፈላ ብትውል፥ የመጣነው ልንረዳ ነውን? ስለዚህ «ቡናው ዛሬ ይቅር» በል፤ ተነሥተህም ውሃ ቅዳ፥ እንጨት ፍለጥ፥ ልጆቹን ወደ ትምህርት ቤት አድርስ። አንቺም እኅቴ ሆይ፥ በምትጋግሪበት ቀን ዐምስት እንጀራ ጨምረሽ ጋግሪላቸው። ከሁሉም ይልቅ፥ «ዛሬ ሌሊት እኔ አድራለሁ፥ አንቺ ተኚ» የሚለው ቃል ከብርቱካን ቅርጫት ይበልጣል።

በአገራችን ዕድር አለ። ሰው በሞተ ጊዜ ድንኳን ይተከላል፥ ወንበር ይወጣል፥ ምግቡ ይዘጋጃል፥ ሰውም ሦስት ቀን ይቀመጣል። ይህ መልካም ነው። ነገር ግን ያው ሰው ሦስት ወር ታሞ በተኛ ጊዜ ሚስቱ ብቻዋን ታስታምመው እንደ ነበረ እናስባለንን? ለሬሳው የተሰበሰብነው ለሕመሙ ተሰብስበን ቢሆን ኖሮ፥ ምናልባት ድንኳኑ ባልተተከለ ነበረ። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክም፥ ለሃምሳ ሰው ግን ጌጥ ነው ይባላል። ሰባት ጎረቤቶች ቢስማሙ ለእያንዳንዱ በሳምንት አንድ ሌሊት ብቻ ይደርሰዋል፤ ለአስታማሚዋ ግን ዕረፍት ይሆንላታል። በብዙ ወረዳዎች የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን አለ፤ የጎረቤትህ መዋጮ ጊዜው እንዳያልፍ ማሳሰብም ደግነት ነው።

ወዳጄ ሆይ፥ ከእነዚህ ነገሮች መካከል ብዙ ብር የሚጠይቅ ይህን ያህል የለም። የሚጠይቁት እግርህን፥ እጅህን፥ የተጠበቀ አንደበትህንና ከእንቅልፍህ ጥቂት ሰዓት ነው። በዚህች ሰዓት የበሩን መንኳኳት የሚያዳምጥ የምታውቀው ድውይ ይኖር ይሆናል። ደመወዝህን አትጠብቅ፤ ዛሬውኑ ተነሥና ሂድ።

ለማሰብ የሚረዱ ጥያቄዎች

፩። ዘበኛው ከመንገድ የተመለሰበት ምክንያት ምን ነበረ? አንተስ እንዲህ ብለህ የተመለስህበት ጊዜ የለምን?

፪። ባለፈው ጊዜ ድውይ ስትጠይቅ የተናገርኸውን ቃል አስብ፤ ድውዩ ያን ቃል ይዞ በሰላም ያደረ ይመስልሃልን?

፫። ተቅማጥ ለያዘው ሰው የሚሆነውን መጠጥ ልክ በቃልህ ተናገር፤ ለቤተ ሰዎችህም አስተምር።

፬። በሰፈርህ ብቻዋን የምታስታምም ሴት ማን ናት? በዚህ ሳምንት የትኛውን ሌሊት ታሳርፋታለህ?