በጥላ ሥር ለሚንጠለጠል ቅርጫት ምን እንትከል?

ከደባርቅ ተነሥተን የሊማሊሞን ጠመዝማዛ መንገድ ወርደን አዲ አርቃይ ስንደርስ የደረብነውን ካፖርት እናወልቃለን። ከፍታ በ1000 ሜትር በቀነሰ ቁጥር የአየሩ ሙቀት በአማካይ 6.5 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያህል ይጨምራልና። በእንዲህ ያለ ስፍራ ሰው ጥላ ይወዳል፤ በረንዳውን ያሰፋል፣ በግቢው ዛፍ ያሳድጋል። ታዲያ በዚያ ጥላ ውስጥ በሚንጠለጠል ቅርጫት ምን ዓይነት ተክል ይጸድቃል? ጥያቄው የአትክልተኛ ይምሰል እንጂ ግማሹ የፊዚክስ ነው። ውኃ በጀሪካን ተቀድቶ በሚመጣበት ቤት ደግሞ ያልታሰበበት ምርጫ በየቀኑ በከንቱ የሚፈስ ውኃ ማለት ነው።

በቅድሚያ «ጥላ» የምንለው ነገር አንድ ዓይነት አለመሆኑን እንረዳ። በጠራ ቀን፣ በቀትር፣ በገላጣ ሜዳ ላይ የሚያርፈው ብርሃን 100,000 ሉክስ ያህል ነው። ሰማይ በደንብ በሚታይበት የግድግዳ ጥላ 10,000 ሉክስ ገደማ ሊገኝ ይችላል። ቅጠሉ በተደራረበ ዛፍ ሥር ግን ከሙሉው ብርሃን ከመቶ ከ1 እስከ 5 እጅ ብቻ የሚቀርበት ጊዜ አለ። ዓይናችን ከብርሃኑ ጋር ራሱን ስለሚያለማምድ ይህን ሰፊ ልዩነት አሳንሶ ያሳየናል።

ልዩነቱ በመጠን ብቻ አያበቃም። የግድግዳ ጥላ ብርሃኑን የሚያገኘው በአብዛኛው ከሰማይ ስለሆነ ሰማያዊው ይበዛበታል። የዛፍ ጥላ ግን በቅጠል ተጣርቶ ያለፈ ብርሃን ነው። ሐመልሚል ቀዩንና ሰማያዊውን ለብርሃን አስተፃምሮ ያስቀራል፤ የሞገድ ርዝመቱ 730 ናኖ ሜትር አካባቢ የሆነውን፣ ለእኛ እምብዛም የማይታየንን ሩቅ ቀይ ያሳልፋል። ብርሃን ወዳድ ተክል ሩቅ ቀይ ሲበዛበት ሌላ ተክል እንደ ጋረደው ይቆጥርና ግንዱን ያስረዝማል፤ ቀጥኖና ገርጥቶ ከቅርጫቱ ይንዘላዘላል። ብዙ ሰው ይህን ሲያይ ማዳበሪያ ይጨምራል። ማዳበሪያ ግን ብርሃንን አይተካም።

የአውሮፓ የአትክልት መጻሕፍት በስተሰሜን ያለ በረንዳን የዘወትር ጥላ አድርገው ይቆጥሩታል። ለእኛ አይሠራም። አዲ አርቃይ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 13.5 ዲግሪ ገደማ ላይ ስለምትገኝ ፀሐይ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በሚያዝያ 18 እና በነሐሴ 11 አካባቢ፣ በቀትር ከአናታችን ላይ ትሆናለች። በእነዚህ ቀኖች መካከል የቀትር ፀሐይ ወደ ሰሜን ታዘነብላለች፤ በሰኔ አጋማሽ 10 ዲግሪ ያህል ትደርሳለች። በታኅሣሥ አጋማሽ ግን ወደ ደቡብ 37 ዲግሪ ያህል ትርቃለች። ስለሆነም በበጋ ጥላ የነበረው የሰሜን በረንዳ በግንቦት ጠዋትና ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ይገባበታል። ደግነቱ፣ ቅርጫት መንጠቆው ሊለወጥለት ይችላል።

አሁን ወደ ተክሎቹ እንለፍ። ጥላና እርጥበት ሲባል እጅና እግር የሚሞቅበት እንሶስላ ትዝ ይለናል። ሆኖም ቁመቱ የሰው ያህል ሊደርስ ስለሚችልና ሥሩም ወፍራም ስለሆነ ለቅርጫት አንመርጠውም። ዘመዱ የሆነው፣ በአበባ ሻጮች ዘንድ ኢምፓሸንስ የሚባለው አጭር ተክል በጥላ ውስጥ በደንብ ያብባል፤ ውኃ ሲያጣ ግን ፈጥኖ ይጠወልጋል። በየቀኑ ማጠጣት ለማይችል ሰው እኛ የምንመክረው ክሎሮፊተምን ነው። ይህ ረጃጅም ቅጠሎቹ ብዙውን ጊዜ ነጭ መስመር ያለባቸው፣ ቡቃያዎቹን በቀጭን ዘንግ ጫፍ የሚያንጠለጥል ተክል ሲሆን በወፍራም ሥሮቹ ውኃ ያጠራቅማል። የሴት ቀስት ዘመድ የሆኑት የጌጥ አስፓራገሶችም ተመሳሳይ ጠባይ አላቸው። ፈርን ያማረ ቢሆንም የበጋው ደረቅ አየር ጫፉን ያቃጥለዋል። ጄራኒየምና ቡጌንቪሊያ የፀሐይ ናቸው፤ በጥላ አናስጨንቃቸው።

የቅርጫቱም መጠን ይታሰብበት። የአፉ ስፋት 30 ሴንቲ ሜትር የሆነ ግማሽ ሉል ቅርጫት 7 ሊትር ያህል አፈር ይይዛል፤ አፈሩ ውኃ ሲጠጣ ከ12 ኪሎ ግራም ሊበልጥ ይችላል። ስፋቱን እጥፍ ብናደርገው ክብደቱ 8 እጥፍ፣ ማለትም ወደ 100 ኪሎ ግራም ይሆናል፤ የበረንዳው ማገር ይህን ላይችል ይችላል። በአንጻሩ ስፋቱን በግማሽ ብንቀንሰው ለእያንዳንዱ ሊትር አፈር ለአየር የሚጋለጠው ገጽ እጥፍ ይሆንና ቅርጫቱ ቶሎ ይደርቃል።

ምን ያህል እናጠጣ ለሚለው የመንጠቆ ሚዛን በቂ መልስ ይሰጣል። ውኃ ጠጥቶ መንጠባጠቡን ያቆመውን ቅርጫት እንመዝን፤ በማግሥቱም በዚያው ሰዓት እንደገና እንመዝን። የጎደለው እያንዳንዱ 100 ግራም በትነት የሄደ 100 ሚሊ ሊትር ውኃ ነው፤ የሚተካውም ያንኑ ያህል ነው።