ሥዕል ከቦታው ሲነሣ



ማንበብ የሚችል ሰው ጥቂት በነበረበት ዘመን ሥዕል የሕዝብ መጽሐፍ ነበር። በመካከለኛው ዘመን ፈረንሳውያን ቅዱሱን ታሪክ በቤተ ክርስቲያን መስኮት ላይ ያስተምሩ ነበር። መስታወቱ ቀልጦ ሳለ ማዕድን ይጨመርበታል፤ ለምሳሌ ኮባልት ሰማያዊ ያደርገዋል። ቁርጥራጩም በእርሳስ ማዕድን ተያይዞ ሥዕል ይሆናል፤ ፀሐይ ስታርፍበት ይበራል።

የጎንደር ሠዓሊ ግን ብርሃኑን ከመስኮት አልጠበቀም። በጨርቅ ላይ ሥሎ ጨርቁን በግድግዳው ላይ ለጠፈ። ወደ ደብረ ብርሃን ሥላሴ የገባ ሰው ከመቅደሱ በር በላይ ሥላሴንና ስቅለቱን፣ ከራሱም በላይ የመላእክትን ፊት ያያል። በቀድሞው አሣሣል ጻድቃን በሁለት ዓይን፣ ክፉዎች በአንድ ዓይን ይሣላሉ። ስለዚህ ፊደል ያልቆጠረም ሰው ማን ማን እንደሆነ ይለያል።

እንግዲህ ይህ መጽሐፍ ገጹ ሲቀደድ ምን ይሆናል? በፓሪስ ክሉኒ በተባለው የመካከለኛው ዘመን ሙዚየም ውስጥ፣ በ1248 እ.ኤ.አ. ከተባረከው ከሳንት ሻፔል ቤተ ክርስቲያን የተነሡ መስታወቶች አሉ። በቤተ ክርስቲያኑ ከፍ ብለው ስለነበሩ ዝርዝራቸው ከሩቅ አይለይም ነበር፤ በሙዚየሙ ግን ጎብኚው በቅርብ ያያቸዋል። ይህ ጥቅም ነው። ይሁንና ከፊታቸውና ከኋላቸው የነበረው ታሪክ አብሯቸው የለም።

የእኛም ነገር ከዚህ አይርቅም። በ1932 እ.ኤ.አ. በማርሴል ግሪዮል የሚመራ የፈረንሳይ የጥናት ቡድን ወደ ጎንደር መጥቶ የአባ እንጦንስ ቤተ ክርስቲያንን የግድግዳ ሥዕሎች አንሥቶ ወሰደ። በቦታቸውም የቡድኑ ሠዓሊ ጋስቶን ሉዊ ሩ የሣላቸው ቅጂዎች ተተኩ። ዋናዎቹ ዛሬ በፓሪስ በኬ ብራንሊ ሙዚየም ይገኛሉ። በዚያ በጥንቃቄ ተይዘዋል፤ ብዙ ሰውም ያያቸዋል። ነገር ግን የተሣሉት በመቅደሱ ዙሪያ ቆሞ ለሚጸልይ ምእመን ነበር። የጎንደር ልጅ የአያቶቹን ሥራ ለማየት ባሕር መሻገር አለበት።

ስለዚህ ሥዕል ከሁሉ ይልቅ የሚያስተምረው በቦታው ሲኖር ነው፤ በቦታው የሚኖረውም ጠባቂ ሲኖረው ነው። በ1880 ዓ.ም. ድርቡሾች የጎንደርን አብያተ ክርስቲያናት ሲያቃጥሉ ደብረ ብርሃን ሥላሴ ተርፏል። ከእሳት የተረፈው በጣራ ፍሳሽ እንዳይጠፋ መጠበቅ የእኛ ፈንታ ነው።

ወጣቶች ሆይ፤ ሥራው ከባድ አይደለም። ጧፍ ከሥዕል እናርቅ፤ ሥዕሉን በእጅ አንዳብስ። ጣራ ሲያፈስ ክረምቱ ሳይገባ ለአለቃው እንንገር። የደበዘዘውን ሥዕል ባለሙያ ሳያየው በአዲስ ቀለም አንደርብበት። ያለው ቅርስ በመዝገብ እንዲሰፍር ካህናቱን እናግዝ፤ ያልተመዘገበ ዕቃ ቢጠፋ ጠያቂ የለውምና።