ለፒክአፕ አዲስ የአየር ማጣሪያ፤ ወጪ ወይስ ኢንቨስትመንት?

ከክፍለ ሀገር ገበያ እህል ወይም የግንባታ ዕቃ የሚያመላልስ ነጋዴ ከፍተኛ ገንዘብ ካሰረባቸው ንብረቶች አንዱ የናፍጣ ፒክአፑ ነው። ከሐምሌ 2014 ዓ.ም. ጀምሮ የነዳጅ ድጎማ ደረጃ በደረጃ ሲነሳ፣ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ደግሞ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ ናፍጣውም መለዋወጫውም ተወደደ። በመሆኑም «ናፍጣ ይቆጥባል፣ ጉልበት ይጨምራል» ተብሎ የሚቀርብ ዕቃ ሁሉ ገዢ ቢያገኝ አያስገርምም። ከእነዚህ አንዱ ከመኪናው አምራች ውጪ ተሠርቶ ከነቱቦው የሚገጠመው የአየር ማጣሪያ ነው። ገንዘቡ ከኪስ ከመውጣቱ በፊት ግን ሂሳቡን መሥራት ይገባል።

ሞተሩ ምን ያህል አየር ይስባል?

አንድ ሊትር ናፍጣ 0.84 ኪሎ ግራም ያህል ይመዝናል። አንድ ኪሎ ናፍጣ ሙሉ በሙሉ እንዲቃጠል ወደ 14.5 ኪሎ አየር ያስፈልገዋል። ስለዚህ ለአንድ ሊትር 12 ኪሎ አየር መኖር አለበት ማለት ነው። አየሩ በሳሳባት አዲስ አበባ ይህ ከ12 ሺህ ሊትር በላይ ይሆናል። የናፍጣ ሞተር ሁልጊዜ በትርፍ አየር ስለሚሠራ በተግባር የሚስበው ከዚህም ይበልጣል።

በአቧራማ መንገድ ይህ ሁሉ አየር አፈር ይዞ ይመጣል። ከማጣሪያው ያመለጠው ደቃቅ አፈር የቱርቦውን ምላጭ፣ የፒስተኑን ቀለበትና የሲሊንደሩን ግድግዳ እንደ ብርጭቆ ወረቀት ይፍቃል። ከዚያ በኋላ ሞተሩ ዘይት ይበላል፣ ጉልበቱ ይደክማል፤ መጨረሻው ሞተር ማስወረድ ነው።

የማጣሪያ ሥራ እንግዲህ ሁለት የሚጋጩ ዓላማዎች አሉት፤ አየር በቀላሉ ማሳለፍና አፈር መያዝ። በዘይት የሚነከረው የጥጥ ማጣሪያ እየታጠበ ለረጅም ጊዜ ያገለግላል፣ አየርም በቀላሉ ያሳልፋል። ነገር ግን አብዛኛውን ጊዜ ከፋብሪካው የወረቀት ማጣሪያ የበለጠ ደቃቅ አፈር ያስመልጣል።

የትርፍና ኪሳራ ሂሳብ

የናፍጣ ዋጋ ስለሚለዋወጥ ሂሳቡን በብር ሳይሆን በሊትር መሥራት ይሻላል። አንድ ፒክአፕ በወር 2,000 ኪሎ ሜትር ይጓዛል፣ በሊትርም 10 ኪሎ ሜትር ይሄዳል እንበል። የወር ፍጆታው 200 ሊትር ነው። ሻጩ ቃል የገባው 5 በመቶ ቁጠባ እውነት ቢሆን በወር 10 ሊትር ይተርፋል። የዕቃው ዋጋ ከ300 ሊትር ናፍጣ ዋጋ ጋር እኩል ከሆነ ገንዘቡ የሚመለሰው በ30 ወር ነው። ቁጠባው 1 በመቶ ብቻ ከሆነ ግን 150 ወር፣ ማለትም ከ12 ዓመት በላይ ይፈጃል።

የ5 በመቶው ተስፋ ደግሞ ብዙ ጊዜ አይጨበጥም። የአሜሪካው ኦክ ሪጅ ብሔራዊ ላቦራቶሪ በ2009 እ.ኤ.አ. ባወጣው ጥናት፣ በኮምፒዩተር የሚታዘዙ የቤንዚን መኪኖች ላይ የተደፈነ ማጣሪያ በአዲስ መለወጡ ፍጥነት የመጨመር አቅማቸውን ቢያሻሽልም ነዳጅ አልቆጠበም። ቱርቦ በሌለው፣ ለምሳሌ ባለ 5ኤል ሞተር በሆነው የቀድሞው ሃይሉክስ ላይ ማጣሪያ ሲደፈን ጥቁር ጭስና የጉልበት ማነስ ይታያል። ለዚህ መድኃኒቱ ግን አዲስ ንጹሕ ማጣሪያ ነው፤ ውድ ቱቦ አያስፈልገውም።

አገጣጠሙ

ሂሳቡን ሠርቶ የወሰነ ባለንብረት መካኒኩ የሚከተሉትን ማድረጉን ይከታተል።

1. ሞተሩ ይቀዝቅዝ፤ የባትሪው ኔጋቲቭ ይፈታ።

2. የድሮው ማጣሪያ ቤት ከመከፈቱ በፊት ውጪው ይጠረግ። አለበለዚያ አቧራው ወደ ውስጥ ይራገፋል።

3. የአየር መጠን የሚለካው ሴንሰር ካለ ሶኬቱ በቀስታ ይነቀል። ውስጡ በጣት አይነካ፤ ሲመለስ ቀስቱ አየሩ ወደሚሄድበት አቅጣጫ ይሁን።

4. ፋሼታዎቹ በካቻቢቴ ተፈትተው ቱቦው ሲወጣ ወደ ቱርቦው የሚገባው አፍ በንጹሕ ጨርቅ ይዘጋ። አንድ ብሎን ገብቶ ቢቀር ቱርቦውን ያጠፋል። ጨርቁ መልሶ መውጣቱም መረጋገጥ አለበት።

5. አዲሱ ማጣሪያ ከሞተሩ ሙቀት ተከልሎ ከፓራፋንጎው በኩል ቀዝቃዛ አየር ይሳብ። በኮፈኑ ሥር 60 ዲግሪ የደረሰ አየር የሚስብ ማጣሪያ፣ 25 ዲግሪ ካለው ጋር ሲነጻጸር ወደ 10 በመቶ የሳሳ አየር ያቀርባል። ጉልበት ይጨምራል የተባለው ዕቃ ጉልበት ሊቀንስ የሚችለው በዚህ ምክንያት ነው።

6. የጥጥ ማጣሪያ ከሆነ ዘይቱ አይብዛ። ትርፉ ዘይት ተስቦ ሴንሰሩን ያበላሻል።

7. ፋሼታዎቹ እኩል ይጥበቁ። ሞተሩ ስለሚንቀጠቀጥ ቱቦው ከብረት ጋር እንዳይፋተግ ክፍተት ይተውለት።

ከ500 ኪሎ ሜትር በኋላ ከማጣሪያው በስተጀርባ ያለው ቱቦ ይከፈትና ውስጡ በነጭ ጨርቅ ይጠረግ። ጨርቁ አፈር ይዞ ከወጣ ማጣሪያው ወይም መጋጠሚያው ያስመልጣል። መኪናው ስህተቱ ሳይታረም ሥራ ላይ መዋል የለበትም።

ለማን ያዋጣል?

ሥራው በከተማ አስፋልት ላይ ለሆነ ፒክአፕ በጊዜው የሚለወጥ ኦሪጅናል የወረቀት ማጣሪያ በቂ ነው። በአቧራ ውስጥ ለሚውል ደግሞ ከጣሪያው ከፍታ አየር የሚስብ ቱቦ፣ አፈሩን አሽከርክሮ ከሚጥል ቅድመ ማጣሪያ ጋር ቢገጠም ገንዘቡ የተሻለ ቦታ ይውላል። ጥቅሙ በናፍጣ ደረሰኝ ላይ ባይታይም የሞተሩን ዕድሜ ያራዝማል። በጥንቃቄ ተፈቶ የተቀመጠው የፋብሪካ ማጣሪያ ቤትም አይጣል። መኪናው ሲሸጥ ገዢ ሞተሩን ሲያይ፣ ሁሉም በቦታው ያለ ፒክአፕ ለድርድር ይመቻል።