የኤሊ ጀርባ ቤት አይደለም፤ አካል ነው
(ለሳይንስ ትምህርት ዝግጅት የሚረዳ)

«ኤሊ ቤቷን ተሸክማ ትዞራለች» ሲባል ያልሰማ ተማሪ የለም። አባባሉ ለተረት ያምራል፤ ለሳይንስ ክፍለ ጊዜ ግን ጣጣ ያመጣል። ቤት ከሆነ ትወጣበታለች፣ ትገባበታለች ማለት ነው። ቤት ከሆነ ገመድ ለማሰር ቢበሱት፣ በድንጋይ ቢወቅሩት ባለቤቷን አያማትም ማለት ነው። ልጆች ከዚህች ከአንዲት ቃል ተነስተው የት ሊደርሱ እንደሚችሉ መገመት አያዳግትም። ስለዚህ ውድ እጩ መምህራን፣ ዛሬ የኤሊን መጠን፣ እድገትና ጠባይ ከዚሁ ከጀርባዋ ተነስተን እንመለከታለን።

ሀ) ጀርባዋ ምንድን ነው?

ጀጎልን ምሳሌ እናድርግ። በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በአሚር ኑር ጊዜ የታጠረው ግንብ ከተማዋን ጠበቀ እንጂ አብሯት አላደገም። ሕዝቡ ሲበዛ ከተማው ከበሮቹ ውጭ ተስፋፋ፤ ግንቡ ግን ባለበት ቀረ። የኤሊ ጋሻ እንደዚህ አይደለም። የጎድን አጥንቶቿና የጀርባ አጥንቷ ሰፍተው፣ ተገጣጥመው የሠሩት ነው። ስታድግ አብሯት ያድጋል። ላዩን የሸፈኑት ገበታዎች ጥፍርና ቀንድ ከሚሠሩበት ከኬራቲን የተሠሩ ናቸው። ከሥራቸው ያለው አጥንት ደም ይዘዋወርበታል፣ ነርቭም አለው። ሲነኳት ይሰማታል፤ ሲበሷት ያማታል፣ ትደማለችም። ከጋሻዋ ወጥታ የምትሄድ ኤሊ በዓለም ላይ የለችም።

ለ) መጠኗስ?

ከሐረር ወደ ምሥራቁ ቆላ ሲወረድ የምትገኘው የየብስ ኤሊ እንደ ነብር ዥጉርጉር ናት። ያደገችው ብዙውን ጊዜ ከ30 እስከ 45 ሳንቲሜትር ትረዝማለች፤ ከዚህ እጅግ የሚበልጡም አሉ። ከሴኔጋል እስከ ኢትዮጵያና ኤርትራ በሚዘረጋው ደረቅ አገር የምትኖር ሌላ ዓይነት ደግሞ አለች። እርሷ በጭኗ ላይ እንደ እሾህ የሾሉ ቅርፊቶች አሏት። ከዚህች ዓይነት ወንዱ ከ80 ሳንቲሜትር ሊያልፍና 100 ኪሎ ግራም ሊደርስ ይችላል። በዓለም ላይ ከእርሷ የሚበልጡት የጋላፓጎስና የአልዳብራ ደሴቶች ኤሊዎች ብቻ ናቸው። ታዲያ ይህች ግዙፍ ከእንቁላል ስትወጣ 5 ሳንቲሜትር ገደማ ነበረች። መዳፍ ላይ ትቀመጣለች!

በኩሬ የምትኖረው ጠፍጣፋ የውሃ ኤሊ ግን ትንሽ ናት፤ አብዛኛውን ጊዜ 20 ሳንቲሜትር ገደማ ብትሆን ነው።

ሐ) እድገቷ

«የኤሊ ጉዞ» የምንለው አካሄዷን አይተን ነው፤ እድገቷም ከዚያ አይሻልም። ዥጉርጉሯ ኤሊ በዱር ውስጥ ለመራባት የምትደርሰው ከ12 እስከ 15 ዓመት ሲሞላት ነው። እንግዲህ አንዲት ያደገች ኤሊ ብትሞት ቦታዋን የምትተካው ግልገል እስክትደርስ ዛሬ አንደኛ ክፍል የገባ ልጅ አሥራ ሁለተኛን ይጨርሳል። በዚያ ላይ ከእንቁላሉም ከግልገሉም አብዛኛው ሳያድግ በአውሬና በአሞራ ይበላል። ባለ ጭን እሾኋ ኤሊ ዛሬ የመጥፋት አደጋ ካንዣበበባቸው እንስሳት አንዷ የሆነችውም ከዱር የምትወሰደውን ያህል ቶሎ ስለማትተካ ጭምር ነው።

«በጀርባዋ ላይ ያሉት ቀለበቶች ሲቆጠሩ ዕድሜዋን ይነግራሉ» የሚባለውን በጥንቃቄ እንያዘው። ቀለበቱ የሚወጣው እድገት ሲፈጥንና ሲዘገይ ነው። ዝናብና ሣር በበዛበት ዓመት ከአንድ በላይ ሊወጣ ይችላል፤ በድርቅ ዓመት ላይወጣም ይችላል። ስታረጅ ደግሞ እየተፋቀ ይጠፋል። ስለዚህ ቀለበት ግምት እንጂ የልደት ምስክር ወረቀት አይደለም። ትልቅነትም የዕድሜ ማረጋገጫ አይሆንም፤ ምግብ ያገኘች ወጣት ከተራበች አሮጊት ልትበልጥ ትችላለች።

መ) ጠባይዋ

ጠባይዋን ለማወቅ ጋሻዋን ማየት ነው። የሰሜን አሜሪካዋ ነካሽ የውሃ ኤሊ የሆዷ ጋሻ ጠባብ፣ የመስቀል ቅርጽ ያለው ስለሆነ ራሷንና እግሯን በሙሉ መሰብሰብ አትችልም። በውሃ ውስጥ ሰው ሲመጣባት ትሸሻለች፤ በየብስ ላይ ግን መሸሻም መሸሸጊያም ስለሌላት ትናከሳለች። ስለዚህ መናከሷ ክፋት ሳይሆን የሰውነቷ አሠራር ያመጣው ነው። የእኛዋ ዥጉርጉር ጋሻዋ ሙሉ ነውና ራሷን ሰብስባ፣ በፊት እግሮቿ በሩን ዘግታ ትጠብቃለች። የኩሬዋ ኤሊ አንገቷን ወደ ኋላ ሳይሆን ወደ ጎን አጥፋ ከጋሻው ጠርዝ ሥር ትከታለች፤ ስትያዝ መጥፎ ሽታ ትለቃለች፤ ኩሬው ሲደርቅ ጭቃ ውስጥ ተቀብራ ዝናብ ትጠብቃለች።

ኤሊ ስትሰበሰብ «እስስ» የምትለው ተቆጥታ አይደለም። ራሷና እግሮቿ ሲገቡ ሳንባዋን ስለሚጫኑት አየሩ ሲወጣ ነው።

ሠ) በክፍል ውስጥ

ለዚህ ትምህርት ኤሊ ይዞ መምጣት አያስፈልግም። በድንጋጤ ያጠራቀመችውን ውሃ ትለቃለች፤ በደረቅ አገር ይህ ሊጎዳት ይችላል። የሚከተለውን እናድርግ፦

1. ተማሪዎች እጃቸውን የጎድን አጥንታቸው ላይ አድርገው በረጅሙ ይተንፍሱ። ደረታቸው ሲነሳ ይሰማቸዋል። ከዚያ «የጎድን አጥንቷ የተጣበቀባት ኤሊ እንዴት ትተነፍሳለች?» ብለን እንጠይቅ። መልሱ፦ በውስጥ ጡንቻዎቿ ሳንባዋን እየሳበችና እየገፋች ነው።

2. በግቢው መሬት ላይ በአመድ ባለ 5 ሳንቲሜትርና ባለ 80 ሳንቲሜትር ክብ ይሣሉ። በቃል ከመናገር ይህ ይበልጣል።

3. በሰሌዳ ላይ የጀርባዋን ትልልቅ ገበታዎች ሥለን እናስቆጥር፤ በመሐል 5፣ በየጎኑ 4፣ በድምሩ 13።

4. በመስክ ጉብኝት ኤሊ ቢያጋጥም ራቅ ብለው ይመልከቱ፣ ይመዝግቡ። መኪና መንገድ ላይ ካገኟት ብቻ በሁለት እጅ ዝቅ አድርገው ወደምትሄድበት አቅጣጫ ያሻግሯት። ሳልሞኔላ የተባለውን ባክቴሪያ ልትይዝ ስለምትችል እጃቸውን በሳሙና ይታጠቡ።

በትምህርቱ መጨረሻ ላይ አንድ ጥያቄ ይበቃናል፦ «ኤሊ ጀርባዋ ቢበሳ ያማታል ወይ?» ተማሪው «አዎ፣ አጥንቷ ነውና» ብሎ ከመለሰ ትምህርቱ ገብቶታል። «ቤቷ ነው፣ ምን ይሆናል?» ካለ ግን በማግስቱ እንደገና ከጎድን አጥንቱ መጀመር አለብን።