መዝናናት የማኅበር ሥራ ነው፦ ከላይፕዚግ ከተማ የምንማረው

ላይፕዚግ በምሥራቅ ጀርመን፣ በሣክሶኒ ክልል የምትገኝ፣ ከ600 ሺህ በላይ ነዋሪ ያላት ከተማ ናት። ዩኒቨርሲቲዋ በ1409 የተመሠረተ ሲሆን በጀርመን አገር ካሉት እጅግ ጥንታውያን አንዱ ነው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ ጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው።) ከተማዋ ለእኛም ባዕድ አይደለችም። በደርግ ዘመን ለትምህርት ወደ ምሥራቅ ጀርመን ከተላኩት ታላላቆቻችን መካከል፣ ወደተመደቡበት ዩኒቨርሲቲ ከመሄዳቸው በፊት ጀርመንኛን በዚያው በሄርደር ኢንስቲትዩት የተማሩ አሉ።

እኔም የተማርኩት በዚህች ከተማ ነው። አዲስ የሚመጡ ተማሪዎች ከትምህርቱና ከቪዛው ጉዳይ ቀጥሎ ደጋግመው የሚጠይቁኝ አንድ ጥያቄ አለ፦ «ቅዳሜና እሑድ እዚህ ምን ይደረጋል?» ጥያቄው ቀላል ይመስላል። ነገር ግን በታኅሣሥ ወር ገና ከሰዓት በኋላ ይጨልማል፤ እሑድ ሱቅ ዝግ ነው፤ ጎረቤት ሰላምታ ሰጥቶ በሩን ይዘጋል። አንድ ተማሪ ከክፍል ወደ ቤተ መጻሕፍት፣ ከቤተ መጻሕፍት ወደ መኝታው ሲመላለስ ሁለት ዓመት ሊያልፈው ይችላል። ዲግሪውን ይዞ ይወጣል፤ እሱ ከተማዋን አላወቃት፣ ከተማዋም እሱን አላወቀችው። ብቸኝነቱ ከብዷቸው ትምህርታቸውን ያቋረጡም አሉ።

የዚህ ጽሑፍ ሐሳብ አጭር ነው። በላይፕዚግ ባህልና መዝናኛ ከሁሉ በፊት የማኅበር ሥራ ነው። ይህን የተረዳ ተማሪ መግቢያ በሩን ያገኘዋል፤ ያልተረዳው ትኬት ገዝቶ አይቶ ይመለሳል እንጂ ሰው አያገኝም። ለእኛ ለተማሪ ማኅበራትም ከዚህ የሚወሰድ ትምህርት አለ።

1. ቤተ መንግሥት ያልነበራት ከተማ

በጎረቤቷ በድሬስደን ኦፔራውንና ሥዕሉን የሚደግፉት መሳፍንቱ ነበሩ። ላይፕዚግ ግን የልዑል መቀመጫ አልነበረችም፤ የነጋዴ፣ የመጽሐፍ አታሚና የተማሪ ከተማ ነበረች። ስለዚህ ሙዚቃ የፈለገ ሰው ከጎረቤቱ ጋር ገንዘብ ማዋጣት ነበረበት። በ1743 ዐሥራ ስድስት ሰዎች ተሰባስበው ዐሥራ ስድስት ሙዚቀኞችን የሚያሠራ የኮንሰርት ማኅበር አቋቋሙ። ማኅበሩ በ1781 የጨርቅ ነጋዴዎች በሚገበያዩበት ሕንፃ ውስጥ የራሱን አዳራሽ አገኘ። ሕንፃው በጀርመንኛ «ጌቫንትሃውስ»፣ ማለትም «የጨርቅ ቤት» ይባል ስለነበር ኦርኬስትራውም በዚያው ስም ተጠራ። ዛሬ በዓለም ከታወቁት ኦርኬስትራዎች አንዱ ሲሆን፣ በ1981 በተከፈተው በሦስተኛው ጌቫንትሃውስ ይጫወታል።

ስለዚህ ነው የላይፕዚግ ሰው ስለ ኦርኬስትራው ሲያወራ «የእኛ» የሚለው። ከላይ የተሰጠው ሳይሆን አያቶቹ አዋጥተው ያቆሙት ነው።

2. በቡና ቤት የተሰበሰቡ ተማሪዎች

ለእኛ ይበልጥ የሚቀርበው ታሪክ ከዚያም ይቀድማል። በ1701 ጌኦርግ ፊሊፕ ቴሌማን የተባለ ወጣት ሕግ ሊማር ወደ ላይፕዚግ መጣ። በማግሥቱ ዓመት የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችን አሰባስቦ «ኮሌጊዩም ሙዚኩም» የሚባል የሙዚቃ ማኅበር መሠረተ። በ1705 ራሱ ከተማዋን ለቅቆ ሄደ። ማኅበሩ ግን አልፈረሰም። ከመሥራቹ መሄድ ከሃያ ዓመት በላይ ቆይቶ፣ በ1729፣ የማኅበሩን መሪነት የያዘው ዮሐን ሴባስቲያን ባኽ ነበር። ባኽ ከ1723 እስከ ሞተበት እስከ 1750 ድረስ በቅዱስ ቶማስ ቤተ ክርስቲያን የመዘምራን መሪ ሆኖ አገልግሏል።

ተማሪዎቹ የሚጫወቱት የት ነበር? ሲመርማን በሚባል ሰው ቡና ቤት ውስጥ ነው። የቡና ቤቱ ጌታ ቦታውን ይሰጣል፤ ትርፉን የሚያገኘው ከሚሸጠው ቡና ነው። ባኽ ቡና አልተውም ስላለች ልጃገረድና ቡናውን ሊያስተዋት ስለሚታገል አባቷ ያቀናበረው አስቂኝ ድርሰት ከዚሁ የቡና ቤት ዘመን የመጣ ነው። በከተማዋ «አራቢሸር ኮፌ ባውም»፣ ማለትም «የዐረብ የቡና ዛፍ» የሚባል ሌላ ጥንታዊ ቡና ቤት አለ። ከበሩ በላይ አንድ የቱርክ ልብስ የለበሰ ሰው ከቡና ዛፍ ሥር ሲኒ ሲያቀብል የሚያሳይ ቅርፅ ተቀርፆበታል። አውሮፓውያን ቡናን ያወቁት በየመንና በቱርኮች በኩል ስለሆነ ነው ዛፉን የዐረብ ያሉት። ቡናው መጀመሪያ ከየት እንደ ተነሣ እኛ እናውቃለን፤ አጠገባችሁ የቆመውን ጀርመናዊ ወዳጃችሁን ለማጫወት ከዚህ የተሻለ መነሻ አታገኙም።

3. አትክልት ቦታና ኳስ

በባቡር ወደ ላይፕዚግ ስትገቡ ከሐዲዱ ግራና ቀኝ ትናንሽ አትክልት ቦታዎችን፣ በየመካከላቸውም ጎጆ የመሰሉ ቤቶችን ታያላችሁ። ድሆች የሚኖሩበት ሰፈር አይደለም፤ የከተማ ሰው የዕረፍት ቦታ ነው። «ሽሬበርጋርተን» ይባላል።

ታሪኩ እንዲህ ነው። በ1864 ኤርንስት ኢኖሴንስ ሀውሽልድ የተባሉ የትምህርት ቤት ዳይሬክተር ከወላጆች ጋር ማኅበር መሠረቱ፤ ዓላማው ለከተማ ልጆች መጫወቻ ሜዳ ማግኘት ነበር። ማኅበሩን ከሦስት ዓመት በፊት በሞቱት በዶክተር ሞሪትስ ሽሬበር ስም ሰየሙት። በኋላ ጌዜል የተባሉ አንድ መምህር ልጆቹ አትክልት እንዲተክሉ በሜዳው ዳር መደብ አዘጋጁ። ልጆቹ ቶሎ ሰለቹ፤ ወላጆቹ ግን ቦታውን ወደዱት። ዛሬ በላይፕዚግ ብቻ ከ200 በላይ እንዲህ ያሉ የአትክልት ማኅበራት አሉ። ስማቸው የተጠራላቸው ሽሬበር አትክልቱን ከቶ አላዩም፤ መሥራቹም በ1866 ሞቱ።

አትክልት ቦታው የራሱ ሕግ አለው። በአገሪቱ ሕግ መሠረት አንድ ቦታ ከ400 ካሬ ሜትር፣ ጎጆው ከነበረንዳው ከ24 ካሬ ሜትር መብለጥ የለበትም፤ መኖሪያ ማድረግም አይፈቀድም። ከቦታው ከፊሉ ፍራፍሬና አትክልት ሊለማበት ይገባል። አባላት በዓመት የተወሰነ ሰዓት ለጋራው ሥራ ይወጣሉ፤ አጥር ይጠግናሉ፣ መንገድ ያጸዳሉ። ደቦን ለሚያውቅ ሰው ነገሩ አዲስ አይሆንበትም።

እግር ኳሱም እንዲሁ ነው። የጀርመን እግር ኳስ ፌዴሬሽን የተመሠረተው በላይፕዚግ ነው። ጥር 28 ቀን 1900 የ86 ክለቦች ተወካዮች በአንድ ምግብ ቤት ተሰብስበው አቋቋሙት። በ1903 የመጀመሪያውን የአገሪቱን ሻምፒዮና ያሸነፈውም የዚህችው ከተማ ክለብ፣ ፋውኤፍቤ ላይፕዚግ ነበር።

4. «ፌራይን» ምንድን ነው?

ከላይ የተዘረዘሩትን ሁሉ የሚያያይዘው ቃል «ፌራይን» ነው፤ በአማርኛ ማኅበር ማለት ነው። እድርንና ዕቁብን እያየ ላደገ ሰው መንፈሱ ቅርብ ነው፦ መዋጮ አለ፣ ሰብሳቢ አለ፣ ገንዘብ ያዥ አለ፣ የቀረ ሰው ይጠየቃል። ልዩነቱ ፌራይኑ በፍርድ ቤት ተመዝግቦ እንደ አንድ ሰው የሚቆጠር መሆኑ ነው። ዋና ዋናዎቹ ነጥቦች እነዚህ ናቸው፦

• ለመመዝገብ ቢያንስ ሰባት አባላት ያስፈልጋሉ። ከተመዘገበ በኋላ አባላቱ ከሦስት ካነሱ ሕጋዊ ሰውነቱን ያጣል።
• የተጻፈ መተዳደሪያ ደንብ ሊኖረው ይገባል። ዓላማው፣ የአባልነት መግቢያና መውጫው፣ የአመራሩ አመራረጥ በዚያ ይሰፍራል።
• የበላዩ አካል ሊቀ መንበሩ ሳይሆን የአባላት ጉባኤ ነው። ደንቡ ሌላ ቁጥር ካላስቀመጠ፣ ከአባላቱ አንድ ዐሥረኛው ምክንያቱን ጽፎ ከጠየቀ ጉባኤው መጠራት አለበት።
• ገንዘብ ያዡ በየዓመቱ ለጉባኤው ሒሳብ ያቀርባል፤ በብዙ ማኅበራት ከአመራሩ ውጭ የተመረጡ ሰዎች ሒሳቡን ይመረምራሉ።

መዘምራን፣ ቼዝ ተጫዋች፣ ታንኳ ቀዛፊ፣ ተራራ ወጪ ሁሉም የየራሱ ፌራይን አለው። የውጭ ዜጋም አባል ሊሆን፣ ራሱም ማኅበር ሊመሠርት ይችላል።

5. በሩ የተዘጋበትና የተከፈተበት ጊዜ

ማኅበር ሁልጊዜ መልካም ነው ማለት ግን አይደለም። በር ያለው ነገር ሁሉ ሊዘጋም ይችላል። ከ1933 በኋላ፣ በናዚ ዘመን፣ የስፖርትና የባህል ማኅበራት አይሁዳውያን አባሎቻቸውን አስወጡ። ከ1835 ጀምሮ የጌቫንትሃውስን ኦርኬስትራ የመራውና በ1843 የከተማዋን የሙዚቃ ትምህርት ቤት የመሠረተው ፌሊክስ ሜንደልስዞን ሐውልት ነበረው። ከአይሁድ ቤተሰብ በመወለዱ ብቻ ሐውልቱ በ1936 ፈረሰ። በዚያን ጊዜ ከከተማው ውጭ የነበሩት ከንቲባ ካርል ጎርደለር ድርጊቱን ተቃውመው ሥልጣናቸውን ለቀቁ፤ በኋላም በሂትለር ላይ በተነሡት ሰዎች መካከል ተገኝተው በ1945 ተገደሉ። ሐውልቱ እንደ ቀድሞው ተሠርቶ በ2008 በቅዱስ ቶማስ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ቆሟል። ስታልፉ ቆም ብላችሁ እዩት።

በሶሻሊስቱ መንግሥት ጊዜም ነፃ ማኅበር አልነበረም፤ ሁሉም በመንግሥት በሚመራ ድርጅት ሥር ነበር። ያን ጊዜ ሰው የሚሰበሰብበት ቦታ በቅዱስ ኒኮላስ ቤተ ክርስቲያን የሰኞ ማታ የሰላም ጸሎት ሆነ። ጥቅምት 9 ቀን 1989 ከጸሎቱ በኋላ 70 ሺህ ያህል ሰው በከተማዋ ቀለበት መንገድ ላይ በሰላም ወጣ። ወታደርና ፖሊስ ተዘጋጅቶ ነበር፤ ደም ይፈሳል ተብሎ ተፈርቶ ነበር። በዚያ ቀን የጌቫንትሃውስ ኦርኬስትራ መሪ ኩርት ማዙር ከሌሎች አምስት ሰዎች ጋር ሆኖ ሁለቱም ወገን ከኃይል እንዲታቀብ የሚጠይቅ ጥሪ አዘጋጀ፤ ጥሪው በራሱ ድምፅ በከተማው ድምፅ ማጉያዎች ተሰማ። ጥይት አልተተኮሰም። በቀጣዮቹ ሳምንታት የኮንሰርቱ አዳራሽ ሕዝብ የሚወያይበት መድረክ ሆነ። የበርሊን ግንብ የተከፈተው ከዚያች ሰኞ አንድ ወር በኋላ ነው።

ሰዎች አብረው ለመዘመርና ለማድመጥ የሠሩት ቤት በጭንቅ ቀን ለሌላ ነገርም ይሆናል። ስለዚህ መዝናኛን «ትርፍ ነገር» ብለን አንናቀው።

6. ለአዲስ ተማሪ

ሀ. በቅዱስ ቶማስ ቤተ ክርስቲያን ዐርብ በአገሬው ሰዓት 18፡00፣ ቅዳሜ 15፡00 የመዝሙር ሥነ ሥርዓት አለ። ትምህርት ቤት ካልተዘጋ ወይም ለጉዞ ካልወጡ የሚዘምሩት በ1212 የተመሠረተው የልጆች መዘምራን ናቸው። መግቢያው ከኮንሰርት ትኬት በጣም ያነሰ ነው።

ለ. እሑድ ሱቅ የሚዘጋው በሕገ መንግሥቱ ስለተደነገገ ነው። ሰንበትን ለምናከብር ሰዎች ይህ ሊከብደን አይገባም። ጀርመኖች በእሑድ ይንሸራሸራሉ፣ ከሰዓት በኋላ ቡናና ኬክ ይዘው ይቀመጣሉ። የሚጋብዛችሁ ከተገኘ እሺ በሉ፤ በተባለው ሰዓትም ድረሱ።

ሐ. በብስክሌት ወደ ኮስፑደን ሐይቅ ሂዱ። ሐይቁ የድንጋይ ከሰል ይወጣበት የነበረ ጉድጓድ ነው፤ ማዕድኑ ከቆመ በኋላ ውኃ ተሞልቶ በ2000 ለሕዝብ ተከፈተ።

መ. የዘመናዊ ታሪክ ሙዚየሙ (ሳይትገሺሽትሊሸስ ፎሩም) በነፃ ይጎበኛል። የምሥራቅ ጀርመንን ታሪክ ሳታውቁ አጠገባችሁ ያለውን ሽማግሌ አታውቁትም።

ሠ. ከሁሉ በላይ ግን በየሳምንቱ በተወሰነ ቀን የሚገናኝ አንድ ነገር ምረጡና ተመዝገቡ፦ መዘምራን፣ ኳስ፣ የዩኒቨርሲቲው ስፖርት። ጀርመናዊ በአንድ ቀን ወዳጅ አይሆንም። ዐሥር ማክሰኞ በተከታታይ ያየውን ሰው ግን ዐሥራ አንደኛው ላይ ሲቀር «የት ጠፋ?» ይላል። በሣክሶኒ የውጭ ሰው የሚጠላ የለም አልልም፤ አለ። የሚያውቃችሁና የሚጠይቅላችሁ ሰው ማግኘት አስፈላጊ የሚሆነውም በዚሁ ምክንያት ጭምር ነው።

7. ለእኛ ማኅበራት

በየአገሩ ያሉ የተማሪ ማኅበሮቻችን ለእንቁጣጣሽና ለገና ሞቅ ይላሉ። ትጉህ የሆነ ሊቀ መንበር እስካለ ይሠራሉ፤ እሱ ሲመረቅ የባንክ ሒሳቡ፣ የስም ዝርዝሩ፣ የአዳራሹ ሰው ስልክ ሁሉ ከእሱ ጋር ይሄዳል። ቀጣዩ ከባዶ ይጀምራል። የቴሌማን ማኅበር መሥራቹ ከሦስት ዓመት በኋላ ሄዶበትም ቆየ፤ የአትክልቱ ማኅበር መሥራቹ ሞቶበትም አደገ። ሰዎቹ ከእኛ የበለጠ ስለሚዋደዱ አይደለም። የተጻፈ ደንብ፣ የታወቀ የመሰብሰቢያ ቀን፣ በየዓመቱ የሚነበብ ሒሳብና የሚረከብ ሰው ስላላቸው ነው። እድሮቻችንም ትውልድ ያለፉት በዚሁ ነው። ስለዚህ ትምህርቱን ከጀርመን መዋስ የለብንም፤ በቤታችን ያለውን ወደ ተማሪ ማኅበራችን ማምጣት ይበቃናል።

ለውይይት

1. የማኅበራችን ሰብሳቢ ነገ ከተማውን ቢለቅ የሚቀረው ምንድን ነው? በጽሑፍ የተቀመጠው ስንቱ ነው?
2. ከበዓል ውጭ በየሳምንቱ ወይም በየወሩ በተወሰነ ቀን ልንገናኝበት የምንችለው አንድ ነገር ምንድን ነው?
3. በራችን ለማን ክፍት ነው? ከሌላ አገር የመጣ የክፍል ጓደኛችን ቢመጣ የሚቀመጥበት ወንበር አለ?