ያገለገለ ላፕቶፕ ለመገናኛ ራዲዮ እንዴት ይመረጣል?

ባለፈው ዓመት በተማሪዎች የስፖርት ውድድር ጊዜ አስተናባሪዎች ይነጋገሩባቸው ዘንድ ስድስት የእጅ መገናኛ ራዲዮዎች በውሰት አግኝተን ነበር። የራዲዮዎቹ ቻናል የተለያየ ስለ ነበረ፥ ባለቤታቸው ፈቃድ ባገኘበት ፍሪኩዌንሲ ሁሉንም አንድ ለማድረግ ያገለገለ ላፕቶፕ ገዛን። ላፕቶፑ ቀጭን፥ ፈጣንና መልከ መልካም ነበር፤ ነገር ግን ከራዲዮዎቹ ጋር ሊግባባ አልቻለም። በውድድሩ ቀን መልእክት ያመላለስነው በእግራችን እየሮጥን ነው። ይህ ስሕተት በሌሎች እንዳይደገም የተማርነውን ለጓደኞቻችን ልናካፍል ወደድን።

ከሁሉ አስቀድሞ የሥራውን ጠባይ እንመልከት። የመገናኛ ራዲዮ የቻናሎቹን ፍሪኩዌንሲ፥ የማሰራጫ ጉልበቱን መጠንና ይህን የመሳሰለውን ሁሉ የሚይዝበት ትንሽ ማኅደር በውስጡ አለው። ላፕቶፑ በኬብል አማካይነት ይህን ያነባል፤ ከታረመም በኋላ መልሶ ይጽፋል። የሚተላለፈው ነገር እጅግ ጥቂት ስለ ሆነ ኀይለኛ ኮምፒዩተር አያስፈልግም። የሚያስፈልገው ከራዲዮው፥ ከሶፍትዌሩና ከኬብሉ ጋር የሚስማማ ኮምፒዩተር ነው። ጫማ የሚገዛ ሰው አስቀድሞ የእግሩን ልክ እንዲያውቅ፥ እኛም ወደ ገበያ ከመውጣታችን በፊት ራዲዮው የትኛው እንደ ሆነ ማወቅ ይገባናል።

አንደኛ፤ ሶፍትዌሩን መለየት ነው። እንደ ባውፌንግ ዩ.ቪ. 5 አር. ላሉት ርካሽ ራዲዮዎች ቺርፕ የሚባል ነጻ ሶፍትዌር አለ፤ በዊንዶውስም፥ በሊኑክስም፥ በማክም ይሠራል። ለብዙዎቹ የሞቶሮላና የኬንዉድ የሥራ ራዲዮዎች ግን ፋብሪካው ራሱ ያዘጋጀው የዊንዶውስ ሶፍትዌር ያስፈልጋል። በ1980ዎቹ (ዘመኑን የምንጠቅሰው በአገራችን አቈጣጠር ነው) ከተሠሩት ራዲዮዎች ብዙዎቹ የሚታረሙት በዶስ ሶፍትዌር ነው። ባለ 64 ቢት ዊንዶውስ ደግሞ የዶስን ሶፍትዌር በራሱ አያስነሣም። ከነዚህም ሶፍትዌሮች አንዳንዶቹ ጊዜን የሚለኩት በኮምፒዩተሩ ፍጥነት ስለ ሆነ በፈጣን ኮምፒዩተር ላይ ይሳሳታሉ፤ በመጻፍ ላይ ሳሉ ቢሳሳቱ ራዲዮውን ሊያበላሹት ይችላሉ። ስለዚህ የላፕቶፕ አሮጌነት አንዳንድ ጊዜ ነውር ሳይሆን ሞያ ነው።

ሁለተኛ፤ የኬብሉ መሰኪያ ነው። የቀድሞዎቹ ኬብሎች የሚሰኩት ዘጠኝ እግር ባለው ሲሪያል ፖርት ነው። አዳዲሶቹ ላፕቶፖች ይህ የላቸውም፤ ካገለገሉት ግን ዴል ላቲቲዩድ ዲ 630 እና ፓናሶኒክ ተፍቡክ ሲ.ኤፍ. 31 አላቸው። ሲገዙ ከስክሪን መሰኪያው ጋር እንዳያምታቱት፤ ያኛው በሦስት መስመር የተደረደሩ 15 ቀዳዳዎች ያሉት ነው።

ሦስተኛ፤ ሲሪያል ፖርት ከሌለ በዩ.ኤስ.ቢ. የሚሰካ ኬብል ይገዛል። እኛን የጣለን ይኸው ነው። በኬብሉ ውስጥ ያለው ቺፕ ብዙ ጊዜ የፕሮሊፊክ ወይም የኤፍ.ቲ.ዲ.አይ. አስመስሎ የተሠራ ይሆናል። አዲሱ የፕሮሊፊክ ድራይቨር አስመሳዩን ቺፕ አልቀበልም ይላል፤ በ2007 ዓ.ም. የወጣው የኤፍ.ቲ.ዲ.አይ. ድራይቨርም አስመሳዮቹን ኮምፒዩተር እንዳያውቃቸው አድርጎ ነበር። ስለዚህ በዋጋው ርካሽነት ሳንታለል ትክክለኛውን ኬብል መግዛት ይሻላል።

አራተኛ፤ ባትሪው ነው። ራዲዮው እየተጻፈበት ሳለ መብራት ቢጠፋና ላፕቶፑ ቢዘጋ ራዲዮው ከሥራ ውጭ ሊሆን ይችላል። እንግዲህ ቻርጀሩ ተነቅሎ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት የማይቈይ ላፕቶፕ፥ ምንም ቢረክስ፥ ለዚህ ሥራ አይሆንም። ኬብሉንና አንድ ራዲዮ ይዘን ሄደን፥ ገንዘቡን ከመክፈላችን በፊት እዚያው ሱቁ ውስጥ ራዲዮውን እናስነብበው።

አምስተኛ፤ ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ ኤክስ.ፒ. የሚሰጠውን ጥበቃ በ2006 ዓ.ም.፥ ለዊንዶውስ 7 በጥር 2012፥ ለዊንዶውስ 10 በጥቅምት 2018 አቁሟል። በነዚህ የሚሠራ ላፕቶፕ ለራዲዮ ሥራ ብቻ ተለይቶ ከኢንተርኔት ተለያይቶ ይቀመጥ።

በመጨረሻም ሁለት ነገሮች ሊዘነጉ አይገባም። የመጀመሪያው፥ አንዳች ከመጻፍ በፊት የራዲዮውን የቀድሞ ይዘት አንብቦ ቅጂውን ማስቀመጥ ነው፤ ቅጂ ያለው ሰው ቢሳሳትም ወደ ነበረበት ይመለሳል። ሁለተኛው፥ መቻል ፈቃድ አለመሆኑን ማወቅ ነው። ላፕቶፑ ለየትኛውም ፍሪኩዌንሲ እሺ ይላል፤ በዚያ ፍሪኩዌንሲ ግን አምቡላንስ ይጠራበት ይሆናል። በአገራችን ፈቃድ የሚሰጠው በአዋጅ ቁጥር 1148/2011 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው።

በኋላ ያንን ቀጭኑን ሸጠን ወፍራምና ከባድ የሆነ አሮጌ ላፕቶፕ ገዛን። መልኩን አይቶ ያመሰገነው ሰው የለም፤ ስድስቱም ራዲዮዎች ግን ተናገሩ።