የመታወቂያው ሦስተኛ ስም

ልጄ፣ የዘር ሐረግሽን ልትፈልጊ ወደ ሞያሌ ልትመጪ ነው አሉኝ። በኬንያው በኩል ያረጀሁ ሰው ነኝና ከመነሳትሽ በፊት ይህን ያዢልኝ።

1. መታወቂያሽ ላይ በመጨረሻ የተጻፈውን ስም የቤተሰብ ስም ነው ብለሽ አትነሺ። እንግሊዞች ወደ ኬንያ ሲመጡ ከልጅ ልጅ የማይለወጥ የቤተሰብ ስም የለመዱ ሰዎች ነበሩ። ቦረናውም፣ ቡርጂውም፣ እኛም ያለን ግን የአባት ስም ነው፤ በየትውልዱ ይቀየራል። ስለዚህ ያ ሦስተኛ ስም አብዛኛውን ጊዜ የአያት ስም ነው። አንዱ ወንድም በአያቱ፣ ሌላው በቅድመ አያቱ ስም ተመዝግቦ፣ ልጆቻቸው በወረቀት ባዳ ሆነው ታገኛለሽ። በኢትዮጵያም የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ማንኛውም ሰው የቤተሰብ ስም ይኖረዋል ብሎ ደንግጎ ነበር፤ ሰዉ ግን ሰምቶት አለፈ። ደግ አደረገ እላለሁ።

የስም ጣጣ የእኛ ብቻ አይደለም፤ ካናዳ ውስጥ ኩቤክ የሰፈሩት ፈረንሳዮችም ሌላ ጣጣ ነበረባቸው፤ ብዙው ሰው በቤተሰብ ስሙ ላይ ከወታደርነት ያገኘውን ቅጽል ይደርብ ነበር፤ ዘራቸውን የሚፈልጉ ዛሬም በሁለቱም ስም ይፈልጋሉ። እነሱ ግን ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ የሰበካ መዝገብ አላቸው። የእኛ መዝገብ የሽማግሌ አፍ ነው።

2. የቦረና ስም ብዙ ጊዜ ሰዓቱንና ሁኔታውን ይናገራል፤ ጉዮ በቀን፣ ሃልካኖ በሌሊት፣ ጋልጋሎ ሲመሽ፣ ሮባ በዝናብ፣ ጎዳና በጉዞ ላይ የተወለደ ነው። ስለዚህ ጉዮ የሚባል ሰው ሞልቷል፤ የአባቱን ስም ብትጨምሪበትም አይለይም። የሚለየው ጎሳው ነው። ቦረና ሁሉ ከሁለት ወገን ነውና መጀመሪያ ሳቦ ነው ወይስ ጎና በይ፤ ከዚያ የትኛው ጎሳ። ሳቦ ከሳቦ፣ ጎና ከጎና አይጋባም፤ አባትየው ሳቦ ሆኖ እናትየዋም ሳቦ ናት ካሉሽ አንድ ቦታ ተሳስተሻልና ተመለሽ። እስልምናን የተቀበለ ደግሞ ሁለተኛ ስም ሊኖረው ይችላል፤ ሁለቱንም ጠይቂ።

3. ዓመተ ምሕረት አትጠይቂ። በየትኛው አባ ገዳ ጊዜ ተወለደ በይ። የአንዱ አባ ገዳ ዘመን 8 ዓመት ነው። «በጃልዴሳ ሊበን ጊዜ» ካሉሽ በፈረንጅ ከ1960 እስከ 1968 መሆኑ ነው፤ «በጎባ ቡሌ» ካሉሽ የቀጠሉት 8 ዓመታት ናቸው። መታወቂያ ላይ ካለው የልደት ቀን ይልቅ ይህን እመኚ።

4. ድንበሩ ከብዙ ሐረግ በኋላ የመጣ ነው። ምኒልክና እንግሊዝ የተዋዋሉት በ1900 ዓ.ም. ነው፤ መስመሩ ሲወርድ የአንድ አባት ልጆች ግጦሽና ውኃ ተከትለው በሁለቱም ወገን ነበሩ። ናይሮቢ ሞይ ጎዳና ላይ ባለው ብሔራዊ ቤተ መዛግብት የቅኝ ግዛት ዘመን የወረዳ ሪፖርቶች አሉ። ስሙን የጻፈው የእንግሊዝ ጆሮ ነውና ዋሪዮ የሚለውን ስም በአንድ አጻጻፍ ብቻ አትፈልጊው። ከምኒልክ የጦር ሚኒስትር ከፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ ዘመን ወዲህ ወደ ቦረና ከወረደ ወታደር የምትወለጂ ከሆነ ደግሞ የክርስትና ስምና የፈረስ ስም ጠይቂ፤ ተጽፎ የቀረው ከሁለቱ አንዱ ሊሆን ይችላል።

5. ይህኛው ከሁሉ ይከብዳል። እዚህ አገር የአያትን ስም መጠየቅ የዋዛ ነገር አይደለም። በቅኝ ግዛት ዘመን በኬንያ አፍሪካዊው ወንድ ኪፓንዴ የሚሉትን የመዝገብ ወረቀት በቆርቆሮ ከትቶ አንገቱ ላይ ያንጠለጥል ነበር። ከነጻነት በኋላም የድንበር ልጅ መታወቂያ ለማውጣት ኮሚቴ ፊት ቆሞ አባትህ ማነው፣ አያትህ የት ተወለደ እየተባለ ሲጣራ ኖረ፤ ፕሬዝዳንት ሩቶ ይህ ማጣራት ይቅር ያሉት በፈረንጅ በ2025 መጀመሪያ ነው። ስለዚህ ደብተር አውጥተሽ መጻፍ ከመጀመርሽ በፊት የማን ልጅ እንደሆንሽና ለምን እንደምትፈልጊው ንገሪያቸው። አለዚያ የሚሰጡሽ ስም ለኮሚቴው የሰጡትን ነው።